ወገቡን አሞት የማያውቅ አባት

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የሚጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ዛሬም ረዘም ያለ ቃል ሲገጥመኝ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። የልጆቻችን አሰልጣኝ «ወላጆች በፈቃዳቸው እንዲያግዙን የሚያነሳሳ ነገር ጻፉልኝ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በምናወጣት መጽሔት ላይ ይገባል» ስትል ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያ አየን። በኋላ ግን አንድ አባት ጠጋ አለኝና «የኔን ጻፊው። ስሜን ብቻ ተይው» አለኝ። «እኔ? በዚህ ጽሕፈቴ?» ስለው «የተማረ ከጻፈው ያሳምርልኛል፤ እንዲያምር አልፈልግም» አለ። ስለዚህ ጻፍኩ። የተጣመመው ፊደል የኔ ነው። ነገሩ ግን እሱ እንደነገረኝ ነው።

ሰውየው ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲያመላልስ ትከሻው ሰፍቶ የበር መዝጊያ አክሏል። ጓደኞቹ «ክሬኑ» ይሉታል። ሌላው አንዱን ከረጢት ይዞ እህህ ሲል እሱ ሁለቱን ባንዴ ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ ይሄዳል። ጉልበቱን ሁሉ ለትከሻው ሰጥቶት ለምላሱ ግን ምንም አላስቀረለትም። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ሲገባ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል። ሚስቱ «የኔ ባል በር ላይ እግሩን ሲጠርግ ስብሰባው ያልቃል» እያለች ትቀልድበታለች።

የሚኖሩት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሥራ የምትገባበት ጊዜ ይበዛል። አንድ ልጅ አላቸው፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሚጡ ይሏታል። ሚጡ ለሰፈሩ ልጆች ቡድን በረኛ ናት። በረኛ የሆነችው ጎበዝ ስለሆነች አልነበረም፤ መጀመሪያ ቀን ጎል የሚቆም ሲጠፋ እሷ ስለቆመች ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስለቅቃት ጠፋ።

ነገሩ የጀመረው በወላጆች ስብሰባ ነው። ያን ቀን ሚስቱ ሥራ ነበረች፤ ስለዚህ መሄድ የእሱ ዕጣ ሆነ። ሦስት ጊዜ ታጠበ። ሲሚንቶ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ከአንገት እጥፋት ውስጥ አንድ ግራጫ መስመር ሳያስቀር አይወጣም። የሠርጉን ኮት ለበሰ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦ እጁን ወደፊት መዘርጋት አይችልም። ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ልጁን ይዞ ሄደ።

ስብሰባው የልጆች መማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። ዴስኩ ጠባብ ነው፤ ጉልበቱ አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ። ሚጡ አጠገቡ ናት። አሰልጣኟ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ ልጆቹን የምታሰለጥነው እንዲሁ በነፃ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያስፈልጋትን ጻፈች። ውሃ የሚያመላልስ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ልጆቹን የሚያደርስ፣ ጎሎቹን የሚሸከም።

«ጎሎቹ ብረት ናቸው» አለች። «አምና ሜዳው ላይ ስንተዋቸው ሌባ አንዱን በመጋዝ ቆርጦ ለቁራሌው ሸጦብናል። አሁን ዳገቱ ላይ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የምናስቀምጣቸው። ለአንዱ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ ማውረድ አለ፣ መመለስ አለ። እኔና አናጢ የሆነው አባት ብቻችንን አልቻልንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«ሎሚ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አለች ባንክ የምትሠራዋ እናት። ሁሉም ሳቀ።

ውሃውን እኔ ወሰድኩ። ቁስል ማጠቡን የባንኳ እናት ወሰደች። ጎሉ ላይ ሲደረስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ታዲያ እየሳቀ «ይሄ ትከሻ እዚህ ተቀምጦ ምን አስጨነቃችሁ!» አለ።

ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም በፈገግታ ነው ያየው። አሰልጣኟም ጠመኔዋን እንደያዘች ስሙን ልትጽፍ ጠበቀች።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እሱ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ስድስቱን ቀን ሲሸከም ይውላል። በመንገድ ሲያልፍ ሶፋ የሚያነሳ የጠፋው ሁሉ «አንተ ወንድም፣ እስቲ አንዴ» ይለዋል። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ኮት ለብሶ፣ እንደ ሌሎቹ አባቶች አንድ አባት ሆኖ ሊቀመጥ ነበር የመጣው። ገና ስሙን ሳይጠይቁት ትከሻውን አዩት። «እዚህም መጥተው አገኙኝ» አለ በሆዱ።

አፉም ያለ ፈቃዱ ተከፈተ።

«ወገቤን ያመኛል።»

«ውይ! ምነው ጋሼ?» አለች አሰልጣኟ።

«ዲስክ ነው።» ቃሏን መጋዘን ውስጥ ከሰማት ቆይቷል። አንድ የሥራ ጓደኛው በዲስክ ነው ከሥራ የቀረው።

ክፍሉ ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርዎት» አለ። የቀለደው አባት አፍሮ አንገቱን ደፋ። ሚጡ ደግሞ ዞር ብላ አባቷን አየችው። ዓይኗን አልነቀለችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ «አባዬ፣ ዲስክ ምንድን ነው?» አለችው።

«ጀርባ ውስጥ ያለ… የሳህን ነገር ነው።»

«ተሰበረብህ?»

«አይ፣ ትንሽ ተንሸራተተ።»

በእጁ አምስት ኪሎ ድንች ይዞ ነበር፤ መንገድ ላይ የገዛው ነው። ፌስታሉን ከእጁ ወሰደችው። ሰጣት። «ያን ድንች የሰጠኋት ዕለት ነው ሸክሜን ሁሉ የሰጠኋት» ብሎኛል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሱ ግን እያደር ከበደ። ሰው ክፉ ቢሆንበት እንዴት ጥሩ ነበር! ሁሉም ደግ ሆኑበት። አሰልጣኟ ከመድኃኒት ቤቱ የሚቀባ ቅባት አመጣችለት። የባንኳ እናት ትራስ አመጣች። አናጢው ደግሞ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ወንበር በእጁ ሠርቶ ሜዳው ዳር አስቀመጠለት። «ለዲስክ ቀጥ ያለ ነው የሚያስፈልገው ወንድሜ። ቁጭ በል» አለው። እሱም ተቀመጠ። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ስላለው ሲደርስ ሁልጊዜ ጎሎቹ ተተክለው ነው የሚያገኛቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ «እርስዎ ቀደም ይበሉ፣ መቆም አይስማማዎትም» ብለው ይሸኙታል። ሚጡም «አባዬ ሂድ፣ እኔ ጓንቴን ሰብስቤ እደርስብሃለሁ» ትለዋለች።

አንድ ጊዜ ብቻ መንገድ ላይ ዞር ብሎ አየ። ዳገቱን ብረት ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ከመሃል የአንዷ ተጫዋች አያት፣ ሁላችን አባባ የምንላቸው የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸው እየወደቀ አብረው ይገፋሉ። ፊቱን መለሰና እርምጃውን አፈጠነ። ከዚያ ወገቡን እንደሚያመው ትዝ አለውና ቀስ አለ።

ሚስቱ የሰማችው ከሰው ነው። ክሊኒክ ድረስ መጥተው «ባልሽን እንዴት አደረገው?» ሲሏት ክው አለች። ማታ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዲስክ አለብህ አሉኝ።»

«ማን አለ?»

«አገር ምድሩ። እኔ እዚሁ አብሬህ የምተኛው አላውቅም፤ ሌሊት እንደ ሕፃን ትገለባበጣለህ። ዲስኩ የት ነው ያለው፣ መጋዘን ነው የምታሳድረው?»

ነገራት። አልሳቀችም። «ነገውኑ ሂድና ንገራቸው» አለችው።

«ነገ» አለ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ አምስት ሆነ። አንዴ ቅባቱን ከተቀበለ በኋላ እንዴት ብሎ ይንገር? ወንበሩንስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ራዲዮ የሚሉት ባልደረባቸው፣ አፉ የማይዘጋ፣ ከበር ላይ ጮኸ። «ክሬኑ! ሁለት ለጋሼ! ጋሪው ላይ ጣልለት!»

ሁለቱን ከረጢት ባንዴ አንስቶ እያፏጨ ወጣ። ጋሪውን ይዞ የቆመው አናጢው ነበር።

ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ቀረ። መቶ ኪሎ ሲሚንቶ ትከሻው ላይ እንዳለ ቆመ። መጣልም መመለስም አልቻለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ከነከረጢቱ በወደደ። አናጢው አየው፤ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ራሱ አየው።

«ምን ያስፈዝዝሃል፣ ጣለው እንጂ!» አለ ራዲዮ። «ይሄን ሰው አየኸው ጋሼ? በሬ ነው በሬ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም!»

ከረጢቶቹን ጋሪው ላይ አስቀመጠ። አናጢው በገመድ እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ወገብህን ተሻለህ ወንድሜ?» አለው።

«ዛሬ… ትንሽ ቀለል ብሎኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ጋሪውን መግፋት ጀመረና ቆመ። «ሴት ልጅህ ግን ጠንካራ ናት። አንተን ነው የወጣችው።» ሄደ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አናጢው አውቋል። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ከረጢት ነው የተሸከመው። ራዲዮ «ምነው፣ ነዳጅ አለቀ?» አለው።

ቅዳሜ ሊቀር አሰበ። እንዳይቀር ግን የሁለት ቀን ውድድር ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጨዋታ፣ እሑድ ጠዋት ሌላ። ሚጡ ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ነው ያወራችው። አናጢው ለሰው ሁሉ ተናግሮ ይሆናል ብሎ እየፈራ ሄደ። ሲደርስ ጎሎቹ ተተክለዋል። አናጢው ወንበሯን እንደወትሮው ዘርግቶ፣ አቧራዋን በእጁ ጠርጎ፣ «ቁጭ በል» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል።

ተቀመጠ። ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው ኳስ በሚጡ ቀኝ በኩል ገባ። ከፍ ያለ ኳስ አልነበረም፤ ቀኝ እጇን ብታነሳ የምትነካው ነው። አላነሳችም። ሁለተኛውም በዚያው በኩል ገባ። የተቃራኒ ቡድን ልጆች አወቁባት፤ በቀኝ በኩል ብቻ መምታት ጀመሩ። ሦስተኛው ሲገባ የእሷ ቡድን ልጆች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አንዷ «ሐውልት!» አለቻት።

እሱ ደግሞ ምን እንደነካው አያውቅም። በዕድሜው ሰው መሃል ድምፁን አሰምቶ የማያውቅ ሰው ከዚያች ወንበር ላይ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«ሚጡ! እጅሽን አንሺ እንጂ! ቀኝ እጅ የለሽም እንዴ?»

ከጎኑ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። እሷ ዞር ብላ አየችው፤ በሰፊው ጓንቷ አፍንጫዋን ጠረገች። አራተኛው ገባ። እሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። «እኔም እንደ ሌላው አባት ጮኽኩ» ብሎ ነው ወንበሩ ላይ ተመልሶ የተቀመጠው።

ማታ ቤት ውስጥ ሚስቱ እራት እያቀረበች ነበር። ሚጡን «ሳህን አውርጂ» አለቻት። መደርደሪያው ከፍ ያለ ነው። ልጅቷ በእግር ጣቷ ቆማ በግራ እጇ ስትንጠራራ የሹራቧ አንገት ወደ ቀኝ ተንሸራተተ።

አየው። በአንገቷና በትከሻዋ መሃል፣ አራት ጣት የሚሰፋ፣ መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ ቢጫ የሆነ ምልክት። ሌላ ሰው ቢያየው ወድቃ ነው ይላል። እሱ ግን ያንን ምልክት ያውቀዋል። አዲስ ሠራተኛ መጋዘን ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ትከሻው ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ከሥር ጨርቅ ሳያደርግ የተሸከመ ሰው ምልክት። እሱም ሥራ የጀመረ ሰሞን ነበረበት፤ እጁን አንስቶ ፀጉሩን ማበጠር አቅቶት ነበር።

«ነይ እስቲ። ምንድን ነው ይሄ?»

ሹራቧን ቶሎ ሰበሰበች። «ኳስ መታኝ።»

«ኳስ እዚህ ጋ አይመታም። ይሄ ብረት ነው።»

እናቷ ጭልፋውን አስቀመጠች። ሚጡ ሳህኖቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«የጎሉ ነው» አለች። «ያንተን ፋንታ ነው የያዝኩት። ስድስተኛ ሰው አልነበረማ።»

«ማን ያዥ አለሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የለመንኩት። አሰልጣኟ እጅሽን ብቻ አስደግፊ ነው ያለችኝ። ግን አጭር ስለሆንኩ፣ መንገዱን እንዳይ ብለው ከፊት አደረጉኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል።»

ቁልቁለት ላይ ሸክም ሁሉ ከፊት ያለው ላይ ነው የሚያርፈው፤ አጭሩን ከፊት ማድረግ ደግሞ ሸክሙን ጠቅልሎ ለእሱ መስጠት ነው። መጋዘን ውስጥ ትናንት የተቀጠረ ሰው እንኳ አይስተውም። አናጢው አያውቅም፤ አሰልጣኟ አታውቅም፤ ባንክ ቤት ይሄን አያስተምሩም። ከዚያ ሁሉ ወላጅ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ቀጥ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ስንት ጊዜ ነው የያዝሽው?»

«ሁልጊዜ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም። ለዚህ ነው እጄ እንቢ ያለኝ።»

«ቀኝ እጅ የለሽም እንዴ?» ድምፁ ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ሚስቱን አየ፤ እሷ ግን ልታግዘው አልፈለገችም፤ ወደ ድስቷ ዞረች።

«ሚጡ» አለ። «እኔ ወገቤን አላመመኝም።»

«ተሻለህ?»

ተሻለህ ስትለው ፊቷ በራ። «እሱን ነው መቼም የማልረሳው» ብሎኛል።

«ተሽሎኝ አይደለም። አሞኝ አያውቅም። ዋሽቼ ነው።»

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ጨርሳ «ለምን?» አለች።

«ሁልጊዜ ተሸካሚ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ያንቺ አባት ብቻ ሆኜ ልቀመጥ ብዬ… አፈርኩ።»

«እኔ እኮ ለልጆቹ ሁሉ ነግሬአቸው ነበር» አለች። «አባቴ ሁለት ከረጢት ባንዴ ያነሳል ብዬ። ጎሉን ብቻውን ያነሳዋል ብዬ። ዲስክ አለብኝ ስትል ውሸታም አሉኝ። አባትሽ ትራስ ነው የሚያነሳው አሉኝ። ለዚያ ነው የተሸከምኩት፤ እኛ ቤት ሸክም እንደምንችል እንዲያዩ።»

ልቅሶዋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀጥ ብላ ጠየቀችው።

«አሁን ለአሰልጣኟ ማን ነው የሚነግራት?»

«እኔ።»

«ትናገራለህ? ወይስ ምላስህም ዲስክ አለበት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቷ «አባትሽን!» ብላ ትቆጣት ነበር። ያን ማታ እራቱን አቀረበች። ሚስቱ በኋላ ያንን ሳይከፈት የቀረ ቅባት ከመሳቢያ አውጥታ የልጅቷን ትከሻ ቀባችው። እሱ ከሩቅ ቆሞ አየ፤ ልቅባት ለማለት እንኳ ፊት አልነበረውም።

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ። ኮቱን አልነካውም። የሥራ ሸሚዙን ለበሰ፤ ከበሩ ጀርባ ባዶ ጆንያዎች አንስቶ አራገፈ፣ አጣጠፈ፣ በብብቱ ያዘ። ሚጡ አልጠበቀችውም፤ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማው ሄደች፤ እሱም ሊደርስባት አልሞከረም።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ አሰልጣኟ ቁልፉን እየፈታች ነበር። አናጢው አለ፣ አባባ አሉ፣ የባንኳ እናት አለች፣ ሌላም አንዲት እናት አለች፣ እኔም ጀሪካኔን ይዤ ቆሜአለሁ።

«እንዴ ጋሼ፣ በዚህ ብርድ! ለወገብዎ እኮ…» አለች አሰልጣኟ።

«ወገቤን አሞኝ አያውቅም» አለ። ዓይኑን ቁልፉ ላይ ተክሎ ነው የተናገረው። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አይቻለሁ። «ዋሽቻችሁ ነው። እናንተ ስትሸከሙ ተቀምጬ አየሁ። የኔን ፋንታ ልጄ ስትሸከም ከረመች፤ ትከሻዋ ጠቁሯል። ትናንት እጅሽን አንሺ ብዬ የጮኽኩባት እኔ ነኝ።»



አሰልጣኟ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሚጡን ጠርታ የሹራቧን አንገት ገለጥ አድርጋ አየችና «እኔም ማየት ነበረብኝ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ አትጫወቺም፣ እሺ?» ሚጡ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ አባቷን ግን አላየችውም።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «እኔ እኮ የእውነት ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ!»

የባንኳ እናት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። እሱ አልሳቀም። እዚያው ቢሰወር ደስ ባለው። አናጢው ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ጎሉን በእግሩ ነካ አደረገና «በል፣ ማን የት ይያዝ?» አለው። «አንተ ነህ የምታውቀው።»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ስለሚያውቀው ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ለዚህም አፈረ፤ ሳይጠይቁት ሊናገር ይችል ነበርና። ጆንያዎቹን አንድ አንድ ሰጠን፤ ትከሻችን ላይ እንዴት እንደሚጣል አሳየን። ረጃጅሞቹን ከፊት፣ አጫጭሮቹን ከኋላ አደረገ። ራሱ ከፊት፣ ቁልቁለቱ በሚከፋበት በኩል ገባ። ለአባባ መረቡን ብቻ ሰጣቸው። ስድስተኛ ሰው አሁንም ጎድሎ ስለነበር እኔ ጀሪካኔን ትቼ ገባሁ። ከቁልቁለቱ ሥር ልጁን ይዞ የመጣ አንድ አባት፣ ያ በስብሰባው ላይ የቀለደው፣ ቆሞ አየንና ሁለተኛውን ስናነሳ ሳይጠራ መጥቶ ከኔ ቦታ ገባ። የመጀመሪያውን ይዘን የወረድነው በኔ እርምጃ ነው፤ ከሁሉም ቀርፋፋዋ እኔ ነበርኩ። «አትቸኩሉ፣ በሷ ልክ» ይላል ከፊት ሆኖ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፁ። ጆሮው እስከ ሜዳው ድረስ እንደቀላ ነበር።

ጎሎቹን ከተከልን በኋላ ሌሎቹ ሄዱ፤ እሱ ብቻውን መረቡን ማሰር ያዘ። ሚጡ ከዳር ተነስታ መጣች። አጠገቡ ቆማ ሲያስር አየችው። ከዚያ በግራ እጇ የቀኙን ጥግ ሳብ ሳብ አደረገች።

«ላልቷል» አለችው። «ኳስ በዚህ ያልፋል።»

ፈታና እንደገና አሰረው።